የክረምቱ የጨዋታ ጥግ፦ የሥራ ማስታወሻ

ሰኔ 28

ትምህርት ቤት ተዘጋ። ሚጣ ከቦርሳዋ ጋር አንድ ጥቅል ወረቀት ይዛ መጣች። ላዩ ላይ "የክረምት የቤት ሥራ" ይላል። ከኤ እስከ ዜድ በነጠብጣብ፣ ከ1 እስከ 50 በነጠብጣብ፣ ከሀ እስከ ፐ በነጠብጣብ። የልጅቷ ዕድሜ አራት ዓመት ከመንፈቅ ነው። እርሳስ ስትይዝ የጣቶቿ ጫፍ እስኪነጣ ጨምድዳ ነው። ሁለት መስመር ሞልታ "እማዬ፣ እጄ ደከመ" ትላለች። እውነቷን ነው፣ ይደክማል።

ከአባቷ ጋር ተነጋገርን። ወረቀቱ ቁም ሳጥን ላይ ይውጣ፣ ክረምቱን ቤት ውስጥ በጨዋታ ትማር አልን። እኔ ሥራ የምገባው ከሰዓት ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከልጆቹ ጋር ነኝ። ከሰዓት እማማ ይይዙልኛል፤ የባለቤቴ እናት ናቸው። ማሙሽ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይልካል። ስለዚህ የምሠራው ዕቃ እሱ ቢልሰውም ቢነክሰውም የማይጎዳው መሆን አለበት።

የሠራውንም ያልሠራውንም እዚህ እያሰፈርኩ እሄዳለሁ።

ሐምሌ 2

መጀመሪያ ቦታ። ቤታችን ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሶፋውን ወደ በሩ ስንገፋው መስኮቱ ሥር ሰሌን የሚዘረጋበት ጥግ ተገኘ። መደርደሪያውን ከአትክልት ቤት ባመጣናቸው የቲማቲም ሳጥኖች ሠራን። አባቷ ሚስማሩን በጉጠት ይነቅላል፣ እኔ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ። የቲማቲም ሳጥን ስንጥሩ አይጣል ነው! መዳፍ ሲያልፍበት ምንም እስከማይወጋ ድረስ መፈተግ ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

መደርደሪያው ከሚጣ ወገብ አይበልጥም። ራሷ ታወርዳለች፣ ራሷ ትመልሳለች። በአንድ ጊዜ የሚቀመጠው አምስት ስድስት ነገር ብቻ ነው። የቀረው አልጋ ሥር በካርቶን ይቆይና ሲሰለቻት ይለዋወጣል። ባትሪ የሚበሉትንና ሲጫኗቸው የሚዘፍኑትን ግን ገና ከጅምሩ አነሳኋቸው። መጫወቻው ራሱ ከተጫወተ ልጁ ምን ይሠራል?

ሐምሌ 6

ሰፈራችን ውስጥ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ አናጺ አለ። ደጁ ላይ የዋንዛ ቁርጥራጭ ሁልጊዜ ይከመራል፣ ለማገዶ የሚወስዱት አሉ። "ወንድሜ፣ ይሄን በልክ ቆርጠህ ትሰጠኛለህ?" አልኩት። ልኩን በወረቀት ጽፌ ነበር የሄድኩት። ዋናው ውፍረቱ 3.5፣ ወርዱ 7፣ ርዝመቱ 14 ሳንቲ ሜትር። ከዚያ የዋናው ግማሽ፣ ባለ 7። ከዚያ የዋናው እጥፍ፣ ባለ 28። ወረቀቱን አየና "እህቴ፣ ይሄ የምን ዕቃ ነው?" አለኝ። የልጅ መጫወቻ ነው ስለው ሳቀ። የቁርጥራጩን ሒሳብ አልተቀበለኝም፣ የመጋዙን ብቻ ከፈልኩ።

ልኩን ያገኘሁት ከካሮላይን ፕራት ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ኒው ዮርክ ውስጥ ያስተማረች አሜሪካዊት ናት። የእሷ የእንጨት ጡቦች ውፍረት፣ ወርድና ርዝመት 1 ለ2 ለ4 ነው። ምስጢሩ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ግማሾች ሲጋጠሙ ልክ አንድ ሙሉ ይሆናሉ፣ ሁለት ሙሉ ደግሞ አንድ ረጅም። ልጁ "ግማሽ" የሚለውን ማንም ሳይነግረው በእጁ ያገኘዋል። ልኩ ከተዛነፈ ግን ግንቡ ይንጋደዳል፣ ነገሩም ተራ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። ለዚህ ነው አናጺውን "በሚሊ እንኳ አይሳሳት" ብዬ የነዘነዝኩት።

ፍተጋው የእኛ ነው። በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጀምረን በ120 ቀጠልን፣ በ220 ጨረስን። ጠርዝና ማዕዘኑን በደንብ አለዘብነው። ቫርኒሽ አልቀባንም፣ ማሙሽ ይነክሰዋላ። የተልባ ዘይት በጨርቅ አሸት አሸት አድርገን መስኮት ላይ ደረደርነው። የዋንዛው መልክ ወጣ።

ፍተጋው ላይ እያለን አባቷ "አሁን ይሄ ትምህርት ነው?" አለኝ። ፍሪድሪክ ፍሮቤልን ጠራሁበት። ጀርመናዊ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1837 ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ከተማ የትንንሽ ልጆች ቤት የከፈተ። የዛሬው ኬጂ የሚወለደው ከእሱ ነው። ለልጆቹ የሰጣቸው የሱፍ ኳስና የእንጨት ኩብ ነበር። ነጠብጣብ አላስቀጠላቸውም።

ሐምሌ 11

ሚጣ ኮንዶሚኒየም ሠራች። አራት ፎቅ። ቆርኪዎቹን ሰው አድርጋ ጣሪያው ላይ አስቀመጠቻቸውና ድንገት ቆመች። "በምን ወጡ?" ራሷን ነው የጠየቀችው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው። "ደረጃ ሥሪላቸው" ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት።

መጀመሪያ ረጅሙን እንጨት አጋድማ አስደገፈችው። ቆርኪው እየተንሸራተተ ወረደ። ቀጥላ አንድ ጡብ ከግንቡ አጠገብ አስቀመጠች። በጣም አጭር ነው። ላዩ ላይ ሁለተኛ ጨመረች። አሁንም ቆርኪው መሬት ላይ ቆሞ ወደ ሁለተኛው መድረስ አይችልም። ዝም ብላ አየችው። ከፊቱ አንድ ለብቻው አኖረች። አንድ፣ ከዚያ ሁለት። ገባት! ከሁለቱ ቀጥላ ሦስት፣ ከሦስቱ ቀጥላ አራት ደረደረችና ቆርኪውን "ጧ፣ ጧ፣ ጧ" እያሰኘች አወጣችው። በእያንዳንዱ ደረጃ አንድ እንደሚጨመር ለማየት ግማሽ ጠዋት ፈጀባት። በነጠብጣብ ወረቀቱ ቢሆን 1፣ 2፣ 3፣ 4 ለመጻፍ ሁለት ደቂቃ ትፈጅ ነበር።

ሽንኩርቱ እንኳ አረረብኝ።

ሐምሌ 15

ሊጥ ላደርግላት አሰብኩ። ሁለት ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ብርጭቆ ጨው፣ አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ውሃ እስኪለዝብ። ግማሹን በእርድ ቢጫ፣ ግማሹን በቀይ ሥር ጭማቂ ቀይ አደረግሁት። ማሙሽ ገና ሲቀምሰው ፊቱን አጨማዶ ተፋው። ጨው የበዛበት ሊጥ ለትንሽ ልጅ ስለማይሆን እሱን አርቄ ነበር፣ ግን እጁ ረጅም ነው።

ጣጣው የመጣው ከሰዓት ነው። እማማ ሊጡ መሬት ላይ ተረግጦ አዩት። "እህል እኮ ነው! በእህል ይቀለዳል?" ፊታቸው ተለዋወጠ። አልተከራከርኩም፣ እውነት አላቸው። ዱቄቱም ዘይቱም በዛሬ ዋጋ መጫወቻ የሚሆን አይደለም። እኔም ያደግሁት ፍርፋሪ ስትወድቅ ተነሥታ ከንፈር በምትነካበት ቤት ነው። ሊጡን አቁመናል። ሩዝና ምስር በገንዳ ሞልቶ ልጅ ማጫወትን በስልክ በየቀኑ አያለሁ፣ እሱም እዚህ ቤት አይገባም።

ሐምሌ 18

ቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎቹ ጋ ሄጄ የተረገጠ ጭቃ ገዛሁ። ለጀበና የተዘጋጀ ስለሆነ ጠጠር የለውም። በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በፌስታል አስሬዋለሁ፤ እንዲህ ከተያዘ ሳይደርቅ ይቆያል። ከሊጡ ይልቅ ይጠጥራል፣ የተሻለውም በዚህ ነው። ሚጣ በመዳፏ መጫን፣ በአውራ ጣቷ መጎድጎድ፣ በሁለት እጇ ማድቦልቦል አለባት። እርሳስ የሚይዘው ጡንቻ የሚሠራው እዚህ ነው።

እጅ የሚያጠነክር ሥራ ቤት ውስጥ ሞልቷል፤ ልጆቹን ከወጥ ቤት እያባረርን ነው የምናጣው። ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ እሸት አተር መፈልፈል፣ ምስር መልቀም፣ ካልሲ አጥቦ መጭመቅ። ሚጣ ምስር ስትለቅም ቋንቋዋ ሁሉ ይቀየራል። "ይሄኛው ድንጋይ መስሎ ምስር ነው፣ ይሄኛው ምስር መስሎ ድንጋይ ነው።"

ጭቃውን አይተው እማማም ሰሌኑ ላይ ቁጭ አሉ። አንዲት የሕፃን ጭብጥ የምታህል ጀበና ሠሩላት። ጆሮ አላት፣ አፍ አላት። ከዚያ ምጣድ፣ ከዚያ ድስት ከነክዳኑ፣ ከዚያ ረከቦት። ሲያስነሷቸውም "ቆይ፣ ሲኒ ቀርቷል" አሉ።

ሐምሌ 23

እቃቃው ደርቷል። እኔ እንግዳ ነኝ፣ ማሙሽ የእንግዳ ልጅ ነው፣ አሻንጉሊቷ ጎረቤት ናት። ሚጣ ለአንዱ ሰው አንድ ሲኒ ታስቀምጣለች። አንድ ጎደለ። ተነሣች፣ አመጣች፣ አሁን አንድ ተረፈ። "ይሄ የአባዬ ነው፣ ሲመጣ ይጠጣል።" ቁጥር ከምላስ ወርዶ ዕቃ ላይ የሚያርፈው እንዲህ ነው። ልጅ እስከ ሃያ በቃሉ ሊወርድ ይችላል፣ ግን ሰባት ሲኒ አቅርቢ ሲሏት ጣቷና ምላሷ ይተላለፋሉ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ፊተኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለትን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ነገር አላየሁም። በረካን አስቀድሜ ልጠጣ ስላት ተቆጣችኝ። "አይሆንም! ቶና መች ደረሰ?"

ሐምሌ 30

ሁለት ሳምንት ያህል ፊደል የሚባል ነገር አላነሳሁም። ድምፅ ብቻ ነው የተጫወትነው። ታክሲ ውስጥ፣ ደረጃ ላይ፣ ገላ ስታጠብ። "በ... በሚል የሚጀምር ነገር አይቻለሁ!" "በር!" "በርበሬ!" "በግ!" ዳቦ ደግሞ በምንድን ነው የሚጨርሰው? ቦ። አባቷ በዚህ ጨዋታ ከእሷ ይብስበታል።

ይህን ማስቀደሜ ምክንያት አለው። ሚጣ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆን እንደ ዘፈን ትወርደዋለች። ወረቀት ላይ ሂን ለብቻዋ አውጥቼ ሳሳያት ግን ከሀ ጀምራ በጣቷ ቆጥራ ነው የምትደርስባት። ዜማው ተራ ያስይዛል፣ ለዚህ ጥሩ ነው። የኔታዎቹም ይህን ስለሚያውቁ ነው ተራውን ሰብሮ አ ቡ ጊ ዳ የሚያስቆጥር ሌላ ገበታ ያዘጋጁት፤ ልጁ በዜማው ተደግፎ እንዳያልፍ። ዛሬ ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ፖስተር የመጀመሪያውን ይዞ ሁለተኛውን ጥሏል።

33 ፊደል በሰባት ቤት 231 ነው፣ ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ። ለአራት ዓመት ልጅ ተራራ ነው። ጎን ለጎን ደግሞ 26ቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ትልቅና ትንሹን እያስጻፉ ትምህርት ቤቶች የሚቻኮሉት ለማን እንደሆነ አይገባኝም። እኔ በአፍ መፍቻዋ እጀምራለሁ።

ነሐሴ 5

የሚዳሰስ ፊደል ሠራሁ። ሐሳቡ የማሪያ ሞንቴሶሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1907 ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንሶ በሚባል የድሆች ሰፈር የልጆች ቤት የከፈተችው ሐኪም። ፊደሉን ከብርጭቆ ወረቀት ቆርጦ ካርቶን ላይ መለጠፍና ልጁ በጣቱ እየተከተለ ድምፁን እንዲያወጣ ማድረግ ነው።

አሠራሩን በዝርዝር ልጻፈው፤ የሚሞክር ካለ ጊዜ ይቆጥብለታል። ብርጭቆ ወረቀቱ 120 ቁጥር ይሁን። 80ው ጣት ይቧጭራል፣ 220ው ደግሞ ከካርቶኑ አይለይም። የሚሳለው በጀርባው ነው፣ ስለዚህ ፊደሉ በመስታወት እንደሚታየው ተገልብጦ መሳል አለበት። ሀ፣ ለ፣ በ፣ ጠ አያስቸግሩም፣ ግራ ቀኛቸው አንድ ነው። መ፣ ነ፣ ገ፣ ረ ላይ ግን እጅ ይሳሳታል። መላው ይሄ ነው፦ ፊደሉን ነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም እስክሪብቶ ጻፉ፣ ወረቀቱን ገልብጣችሁ መስኮት መስታወት ላይ ያዙት፣ በብርሃኑ የሚታየውን ተከትላችሁ ወረቀቱ ላይ ሳሉት፣ ከዚያ እሱን እያያችሁ ብርጭቆ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አስፍሩት። ቁመቱ አንድ ስንዝር ገደማ። በመቀስ አትቁረጡት፣ መቀሱ ይዶለዱማል። እኔ ከተር ተጠቀምኩ። ቀጭን ኮላ ቀብቼ ከወፍራም መጻሕፍት ሥር አሳደርኩት፤ ካልተጫነ ካርቶኑ ይጣመማል።

የመጀመሪያዎቹ ለ፣ በ፣ ሰ፣ መ፣ ጠ ናቸው። በቀን አንድ ሁለቱን ብቻ ነው የማወጣው፣ እሷ ከጠየቀች።

ነሐሴ 8

ዛሬ የሆነውን ሳልጽፍ አልተኛም። ሚጣ ለን በጣቷ ስትከተል ቆይታ ከጭቃው ትንሽ ቆንጥራ ከቀኝ ጎኑ መሐል ላይ ለጠፈችበት። "እጅ አወጣ!" አለች። "እጅ ካወጣማ ሉ ተባለ" አልኳት። ቆንጥሯን አንሥታ እግሩ ሥር በቀኝ በኩል አደረገችው። "አሁን ጫማ አደረገ።" ሊ። ጫማውን ጠቅልላ ቀለበት አደረገችው። ሌ። ወዲያው በን አመጣች። እጅ፣ ቡ። ጫማ፣ ቢ። ቀለበት፣ ቤ። ከዚያ ሰ። ሳቋ!

ላና ሎ ላይ ተከራከርን። ለላ ቀኙ እግር ይረዝማል፣ ለሎ ግራው። "ይሄ በቀኝ ቆመ፣ ይሄ በግራ ቆመ" ብላ ራሷ ተነሥታ በአንድ እግሯ ቆመች። ሩና ፉ በዚህ ሕግ እንደማይሄዱ ወደፊት ታገኘዋለች፤ እኔ ቀድሜ አላበላሽባትም።

ነሐሴ 13

ቡሄ። እማማና ሚጣ ሙልሙል ጋገሩ፣ ጨፋሪዎቹ መጡ፣ ሚጣ የመጥረጊያ እንጨት ይዛ ደረጃውን አብራቸው ወረደች። ምት ሳታዛንፍ እንጨት መሬት መምታት ቀላል ሥራ አይደለም። ሁሉም ፎቅ ላይ ወጥታ ወረደች።

የሰውነት እንቅስቃሴው ነገር በዚህ ዝናብ አሳስቦኝ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ ይንቀሳቀስ፣ ከዚህ ውስጥ 60ው ጠንከር ያለ ይሁን፣ ስክሪን ፊት መቀመጥ ከአንድ ሰዓት አይለፍ ይላል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ሰዓት መሮጥ ማለት ከታች ቤት ጋር መጣላት ነው፤ አንዴ መጥተው አንኳኩተዋል። ስለዚህ በካልሲ ኳስ፣ በትራስ ላይ መራመድ፣ የደረጃ መውጣትና መውረድ። ዝናቡ ጋብ ሲል ቦት ጫማ አድርጎ ወደ ውጭ። ጭቃ እንደሆነ ይታጠባል።

ነሐሴ 17

ጎረቤቴ ቡና ላይ ጠየቀችኝ። "የኔዋ እስከ መቶ ጨረሰች፣ ያንቺዋስ?" ልጇ ተጠርታ ኤ ቢ ሲን ወረደችው፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ሚጣ አንገቷን ደፋች። ሆዴ ቡጭ አለ፣ አልዋሽም። ከዚያ ሁለቱ ልጆች ሰሌኑ ላይ ወጡና ጡቦቹን ከበቡ። ጎረቤቴ "ይሄን እንጨት የት አገኘሽው?" አለችኝ። የአናጺውን ቤት ነገርኳት።

ነሐሴ 21

መብራት ጠፋ። ሻማ በርቶ ግድግዳው ላይ በጥላ ውሻና ወፍ ሠራን፣ ከዚያ እማማ "እንቆቅልሽ" አሉ። "ምን አውቅልህ" ብላ መለሰች ሚጣ፤ ወንድ ሴት አትለይም እንዴ ተብሎ ተሳቀ። "ሲሄድ ውሎ ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" "ሚኒባስ!" እማማ ተንከተከቱ። መልሱ ወንዝ ነው። "በይ አገር ስጪኝ" ሲሏት መገናኛን ሰጠቻቸው። አልበቃ ሲላቸው ሳሪስንም ጨመረች።

ሳምንቱን ሙሉ እንቆቅልሽ ትሠራለች። አብዛኛው አይገጥምም። ይሄ ግን ይቀመጥልኝ፦ "ስትሞላ ዝም፣ ባዶ ስትሆን ትጮሃለች?" የውሃ ቧንቧችን ናት። ውሃ ሲጠፋ የምታፏጨውን ነው።

ነሐሴ 28

ከእንቁላል ትሪ ሁለት ረድፍ ባለ ስድስት ጉድጓድ ቆርጬ ገበጣ ሆነ። በየጉድጓዱ ሦስት ጠጠር። ሕጉን አቅልለነዋል፤ ዋናው አንድ አንድ እየጣሉ መዞሩ ነው። ሦስት ጠጠር አሁን ሳትቆጥር በዓይኗ ታውቃለች፣ አራት ላይ ትቆጥራለች። የሚወጣው ማሙሽ ሲተኛ ብቻ ነው። አፉ ውስጥ ሊገባ የሚችል ትንሽ ነገር እሱ ባለበት ሰሌን ላይ አይቀመጥም፤ ጉሮሮ ላይ ቀልድ የለም።

ጳጉሜን 3

የእንቁጣጣሽ ሥዕል። ሚጣ ለጎረቤት የምታድለው አበባና ፀሐይ ስትሥል ዋለች። እርሳስ ነው የያዘችው፣ ማንም አላዘዛትም። ጨምድዳ አልያዘችም። ከአንዱ ሥር "ሚጣ" ጻፈች። የሚ ጫማ በግራ በኩል ነው የዋለው። በዚህ ዕድሜ ፊደል ተገልብጦ መጻፉ የተለመደ ስለሆነ አላረምኩትም። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ያቺን ሥዕል ነው የወሰዱት፣ ሃያ ብር ሰጧት።

መስከረም 6

ትምህርት ቤቱን ጠየቅሁ። ግማሽ ቀን ብቻ ትምጣ አልኳቸው፣ አይቻልም አሉኝ። አንደኛ ክፍል መግቢያው 7 ዓመት ነው፣ ጊዜ አለን። ዘንድሮ ቤት ትቆያለች። እማማ ተስማምተዋል፣ አባቷ "እስከ ገና እንየው" ብሏል።

የሚጎድላት የእኩያ ልጅ ነው፤ እሱን እኔም እማማም ልንሞላው አንችልም። ጎረቤቴና ሌላ አንዲት እናት በሳምንት ሁለት ጠዋት ልጆቻቸውን ሊያመጡ ተስማምተናል፣ በየተራ በየቤቱ። ሰኞ ማክሰኞ የሚባለውን ጨዋታ ለመጫወት ግቢው ደርቋል፣ ጠመኔ ገዝቻለሁ። የቀጨኔው ጭቃ አልቋል፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ። አናጺውንም ግማሽ ክብ እንዲቆርጥልኝ መጠየቅ አለብኝ፤ ሚጣ ድልድይ ፈልጋለች።